ወንበር ከመያዝዎ በፊት ሚክሰሩ የት እንዳለ ይመልከቱ

በከተማ ዳርቻ ባሉ አዳራሾች፣ በተለይም አንዱ ክፍል ዛሬ ለፊልም፣ ነገ ለቴአትር፣ ከነገ ወዲያ ለሙዚቃ በሚውልባቸው፣ ብዙ ተመልካች ወደ መድረኩ በቀረበ ቁጥር የተሻለ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ይሁንና ከፊት ተቀምጦ የዘፋኙ ቃል በከበሮና በጊታር ተውጦበት ይወጣል። ለሙዚቃ ዝግጅት ሲገቡ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን (የዘፋኙንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያመጣጥንበትን ማሽን) ይዞ የተቀመጠበትን ቦታ ይፈልጉና ከእርሱ ፊት ወይም ጎን ያለውን ወንበር ይያዙ። ባለሙያው የእያንዳንዱን መሣሪያ መጠን የሚያስተካክለው በራሱ ጆሮ እየሰማ በመሆኑ፣ በአቅራቢያው ያለ ሰው እርሱ የወደደውን ሚዛን ከሞላ ጎደል እንዳለ ያገኛል። ሚክሰሩ በመስታወት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ወይም ጥግ ላይ ከሆነ ግን (በትንንሽ አዳራሾች ይህ ያጋጥማል) ብልሃቱ አይሠራም።

ለፊልም ደግሞ ከስክሪኑ እስከ ኋላው ግድግዳ ካለው ርቀት 2/3ኛው አካባቢ፣ ወደ መካከል ተጠግቶ መቀመጥ ይመረጣል፤ የሲኒማ ድምፅ ማጉያዎች ሲስተካከሉ የመለኪያው ማይክሮፎን የሚቀመጠው በተለምዶ በዚያ ነው።

ተዋንያን ያለ ማይክሮፎን በሚጫወቱበት ቴአትር ይህን ምክር ይተዉት፤ ድምፅ በርቀት ስለሚደክምና የፊት ገጽታም ስለማይለይ፣ በዚያ ጊዜ ፊት ለፊት ያሉት ረድፎች ይሻላሉ። በየትኛውም ዝግጅት ቢሆን ከሰገነት ሥር ወደ ውስጥ ዘልቀው የገቡትን የኋላ ወንበሮች አልመክርም፤ ከጣሪያው ተንጸባርቆ የሚመጣው ድምፅ እዚያ በደንብ አይደርስም።