ሞተር አልፎ አልፎ ለሚነዳ ሰው፦ ጂፒኤስ ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

«ጂፒኤስ አላችሁ?» ብለው የተሽከርካሪ ዕቃ መሸጫ ቢገቡ፣ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያወጣልዎት የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ሽቦዎች የተንጠለጠሉባት ጥቁር ሣጥን ናት። ሲም ካርድ ትጎርሳለች፤ ሞተሩ የት እንደቆመ ለባለቤቱ ስልክ ትልካለች። እኛ ዘንድ ጂፒኤስ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ይህ መከታተያ ነው፤ ስርቆቱ ስላለ አይፈረድም። ነገር ግን ስክሪን የላትም፣ መንገድም አታሳይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። ሱቅ ሲገቡ «መከታተያ ሳይሆን ካርታ የሚያሳየውን» ይበሉ። እኔም ከዚህ በታች የማወራው ስለ ካርታው ነው፤ ያውም እንደ እኔ ሞተሩን በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ብቻ ከከተማ ለሚያወጣ ሰው።

ካርታውን ሳይጠይቁ ማስመጣት

የእህቴ ባል ከአሜሪካ ሲመጣ ማሸጊያው ያልተነካ የመኪና ጂፒኤስ ይዞልኝ መጣ። ሱሉልታን እንዳለፍኩ አበራሁት። ሳተላይቶቹን ወዲያው አገኘ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ባዶ ነጭ ሜዳ መሃል አንዲት ቀስት ብቻዋን ቆማለች። አስፋልት የለ፣ ከተማ የለ። የት እንዳለሁ ያውቃል፣ በዙሪያዬ ምን እንዳለ ግን አያውቅም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሳተላይቱ ምልክት በመላው ዓለም በነፃ ይገኛል፤ ካርታው ግን መሣሪያው ውስጥ የተጫነው ብቻ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሸጠ ዕቃ የሰሜን አሜሪካን ካርታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል ሁለት ነገር እንዲያጣራ ይንገሩት፦ የማስታወሻ ካርድ ማስገቢያ አለው ወይ? ሌላ ካርታ ሲጫንበት ይቀበላል ወይ? ሁለቱም ካሉ ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት የዓለም ካርታ፣ የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ካርታ በነፃ አውርዶ መጫን ይቻላል። የእኔው ግን እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። አማቼ በደወለ ቁጥር «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» ይለኛል፤ «በጣም!» እለዋለሁ።

ወይ ከልክ በላይ፣ ወይ ከልክ በታች መግዛት

ለሞተር ተብለው የሚሠሩት፣ እንደ ጋርሚን ዙሞ ያሉት፣ ግሩም ዕቃዎች ናቸው። ሰፊ ስክሪን አላቸው፣ በብሉቱዝ ከሄልሜት ጋር ይነጋገራሉ፣ ጥሪ ያነሳሉ። በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ለሚወጣ ሰው ዋጋቸውን ያወጣሉ። በዓመት ስድስት ቀን ለሚወጣ ግን ያ ገንዘብ ለጎማና ለጥሩ ጓንት ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

ተቃራኒውም አለ። በእጅ ከሚያዙት ትንንሾቹ መካከል ጋርሚን ኢትሬክስ 10 ርካሽና ጠንካራ ነው፤ የመንገድ ካርታ ግን የለውም፣ አቅጣጫ በቀስት ይጠቁማል እንጂ። የቀስቱ ርቀት ደግሞ ወፍ የምትበርበት ርቀት ነው። ጎሐ ጽዮን ቆመው ደጀንን ቢፈልጉ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይልዎታል፤ መንገዱ ግን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና እየተጠማዘዘ ሲወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነዳጁን በቀስቱ ያሰላ ሰው ዳገቱ ላይ ይቆማል። ካርታ የሚቀበለው ኢትሬክስ 22ኤክስ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚበቃ ይመስለኛል። ስክሪኑ 2.2 ኢንች ብቻ ስለሆነ እየነዱ ካርታ አያነቡበትም፤ መገንጠያ ላይ ቆም ብለው ያዩበታል። በሁለት ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ የትም ኪዮስክ ዳግም ነፍስ ይዘራል።

«ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» ማለት

ይሠራል። ስልክዎ ምልክቱን የሚቀበለው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካሉት ሳተላይቶች እንጂ ከቴሌ ማማ አይደለም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው። ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉትን የካርታ መተግበሪያዎች ስልክዎ ላይ ጭነው የኢትዮጵያን ካርታ ቤት ሳሉ ካወረዱ፣ ዳታ ጠፍቶም ቦታዎን ያሳዩዎታል፤ ያለ ኔትወርክ መጀመሪያ ቦታውን እስኪያገኙ ትንሽ ይዘገያሉ፣ ያ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን የእጅ ስልኬን ብቻ አልጠቀምም ካሉ፣ በንዝረቱ ምክንያት። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት መሪው ላይ የታሰረ አይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ሙቀቱም አለ፤ አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ አዋሽ ላይ እኩለ ቀን ስንት እንደሚደርስ ያውቁታል። ስክሪኑ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። ካሜራው ቢበላሽ የማያሳዝንዎት አሮጌ ስልክ ቤት ካለ ግን ምንም ሳይገዙ እሱን ይሞክሩት። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ዕቃ አያምረውም።

ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ባትሪው ላይ መቀጠል

አልፎ አልፎ የሚነዳን ሰው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ቻርጀር የሚሰካባት ትንሽ ሶኬት ገዝቼ አንድ ወዳጄ በካቻቢቴና በስኮች ቀጠለልኝ፤ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ቮልቴጅ የምታሳይ ሰማያዊ መብራት ነበረቻት፣ ታምራለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ቀጭ እንኳ አላለም።

ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። እንዲህ ያለች መብራት 20 ሚሊአምፒር ብትወስድ በቀን ወደ ግማሽ አምፒር ሰዓት ትበላለች። የትንሽ ሞተር ባትሪ 7 አምፒር ሰዓት ቢይዝ በ15 ቀን አለቀ ማለት ነው። በየቀኑ የሚነዳ ሰው ባትሪው እየተሞላለት አይታወቀውም፤ የእኛ ግን ሸራ ለብሶ ቆሞ ይፈስሳል። ስለዚህ ኤሌክትሪሻኑን ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራ መስመር ላይ እንዲቀጥልልዎት ይጠይቁት፤ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገባ። እምቢ ካለ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

መያዣውን መናቅ

የመኪና መስታወት ላይ የሚጣበቀው የጎማ መምጠጫ ለሞተር አይሆንም። ኮረኮንች ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር አይቆይም። መሪው ቱቦ ላይ በቡሎን የሚጠብቅ መያዣ ይግዙ፤ በዚያ ላይ ክር አስረው መሣሪያውን ከመሪው ጋር ያቆራኙት። በባትሪ ድንጋይ በሚሠሩት ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ ንዝረቱ ድንጋዩን ለቅጽበት ከመነካኪያው ያላቅቀውና መሣሪያው ይጠፋል። ከድንጋዩ ጎን የታጠፈ ወረቀት መወተፍ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ውኃን በተመለከተ፣ አይፒኤክስ7 የሚል ከተጻፈበት አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። የሐምሌ ዝናብ ከዚያ አይብስም። የቻርጀሩ ቀዳዳ ክዳን ተከፍቶ ሽቦ ከተሰካበት ግን ያን አይመኑ።

ቁጥሩን እንደመጣ ማስገባት

የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ፈልጎ መድረስ እኛ አገር እምብዛም አይሆንም፤ ቦታ የምንለዋወጠው በነጥብ ወይም በቁጥር ነው። እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው። ወዳጅዎ «ዘጠኝ ዲግሪ ከሠላሳ ደቂቃ» ካለዎት በአሥርዮሽ 9.50 ነው፤ 9.30 ብለው ካስገቡ 22 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። መሣሪያው የትኛውን አጻጻፍ እንደሚጠብቅ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ይዩ። ከድሮ የወረቀት ካርታ ላይ የሚቀዱ ከሆነ ደግሞ «አዲንዳን» የሚል ጽሑፍ ካለበት (ካርታው የተለካበት የቆየ መነሻ ስም ነው) በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ያንኑ ይምረጡ፤ አለዚያ ከ100 ሜትር በላይ ይስታል።

«አጭሩን መንገድ» የሚለውን ምርጫም ያጥፉት። ሙከጡሪ ላይ ተገንጥዬ ወደ ለሚ ስሄድ አጭሩ መንገድ የአህያ መንገድ ሆኖ አገኘሁት። አንድ እረኛ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ በዚህ እኮ በእግርም አይወረድም» አለኝ። ስክሪኑ አሁንም «ቀጥታ ይሂዱ» ይላል።

ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። መሣሪያውን ከሱቁ በር ፀሐይ ላይ ያውጡትና ጓንትዎን አድርገው ይንኩት። ሻጩ «ጓንቱን ያውልቁት እንጂ» ሊልዎት ይችላል። አያውልቁ።