ሲቪ ከመበተናችሁ በፊት ቁጠሩ

ጅማ ሥራ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲቪ ኮፒ አስደርጋችሁ በየቢሮው ከመበተናችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። ለአራት ሳምንት ያያችሁትን ክፍት የሥራ ቦታ ሁሉ ጻፉበት፤ መደቡን፣ የተጠየቀውን ልምድ፣ ቋንቋውን፣ ደመወዙን። ቴሌግራም ላይ የወጣውንም፣ ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ያለውንም፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈውንም።

ከዚያ ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር የምመኘው መደብ በወሩ አንዴ ብቻ ነበር የወጣው። ክው አልኩ! የሂሳብና የሽያጭ ሠራተኛ ግን በየሳምንቱ ይፈለጋል። «አፋን ኦሮሞ መናገርና መጻፍ የሚችል» የሚለውም ተደጋግሞ አለ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና አይገርምም።

ወቅቱንም እዩ። እዚህ አገር ነገሩ ሁሉ ቡና ነው። ቀዩ እሸት በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ማጠቢያ ጣቢያዎች መዛኝ፣ መዝጋቢ፣ ገንዘብ ያዥ የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው። ስለዚህ ማጠያየቅ ያለባችሁ ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ እየደበደባችሁም ቢሆን። ኅዳር ላይ ብትሄዱ ቦታው ተይዞ ታገኙታላችሁ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋ ደግሞ በወሬ ብቻ አትሂዱ። የትኛው ሼድ እየሠራ እንደሆነ ውስጥ ያለ ሰው ጠይቁ።

ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ተመዝገቡ። ወረፋው ሊያሰለች ይችላል። ግን ተራችሁ ሲደርስ ፎርም ሞልታችሁ ብቻ አትውጡ፤ «ባለፈው ወር ቀጣሪዎች ምን ዓይነት ሰው ጠየቁ?» በሏቸው።