የጋለው ኮከብ ሞዴል ከስፔክትረሙ ጋር አልገጥም ሲል

ምልክቱ ይሄ ነው። የአንድ ኦ-ዓይነት ኮከብ (በጣም ከሚግሉት መደብ) ነፋስ፣ ማለትም ከኮከቡ የሚፈስሰውን ጋዝ፣ የሚያሳይ ሞዴል ሠርታችኋል፤ ሙቀቱም ድምቀቱም ልክ ነው። አልትራቫዮሌቱ ውስጥ ግን 1032 እና 1038 አንግስትሮም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ፣ አምስት ኤሌክትሮን ያጣው ኦክስጅን መስመሮች የሉም። እውነተኛው ስፔክትረም ላይ ደግሞ ጎልተው ይታያሉ።

ብዙ ሰው ወዲያው የኮከቡን ሙቀት ይጨምራል። እባካችሁ ተዉት፤ አንዱን መስመር ሲያድን ሌሎቹን ያበላሻል።

አምስተኛውን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 114 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። እንደ ዜታ ፐፒስ ያለ ኮከብ ገጹ 40,000 ኬልቪን አካባቢ ቢሆንም በዚህ ጉልበት የሚያወጣው ብርሃን ኢምንት ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከነፋሱ ከራሱ ነው። ነፋሱን የሚገፋው የኮከቡ ብርሃን ሲሆን አገፋፉ ስለማይረጋጋ ፈጣኑ ጋዝ ቀርፋፋውን ከኋላ እየደረሰ ይገጨዋል፤ በግጭቱ ሚሊዮኖች ዲግሪ ይሞቅና ኤክስሬይ ያመነጫል። ኤክስሬዩ ከኦክስጅኑ የውስጠኛው ቅርፊት አንድ ኤሌክትሮን ይነቅላል። ክፍተቱን ሌላ ኤሌክትሮን ወርዶ ሲሞላው የተረፈው ጉልበት ተጨማሪ አንድ ያስወጣል። በአንድ ምት ሁለት ሄዱ! ሦስት ያጣው በቀጥታ አምስት ያጣ ይሆናል። ይህ የኦዤ ሂደት ነው፤ ለነዚህ ነፋሶች የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ካሲኔሊና ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 አቅርበውታል።

ስለዚህ ግጭቶቹን ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ፤ የኦዤ ሂደት መብራቱንም አረጋግጡ። ከነፋሱ አምልጦ የሚወጣው ኤክስሬይ ከኮከቡ ጠቅላላ ብርሃን አንድ አስር ሚሊዮንኛ ገደማ ይሁን። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይበቃል። ልብ በሉ፣ ይህ ያመለጠው ብቻ ነው፤ ለስላሳውን (ጉልበቱ ዝቅ ያለውን) ኤክስሬይ ነፋሱ ራሱ ይውጠዋል፣ ስለዚህ የሚመነጨው ይበልጣል።

ሌላው ችግር ፎስፈረስ ነው። አራት ኤሌክትሮን ያጣው ፎስፈረስ መስመር ሞዴሉ ላይ ከልክ በላይ ሲጠነክር የነፋሱን መጠን መቀነስ ያጓጓል። ይህ አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ አቶም) በ65 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈርሳል፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያለው ጨረር ካነሰባችሁ መስመሩ ያብጣል። ጨረሩን አለቅጥ ብትጨምሩ ግን ሌሎቹ አዮኖች አብረው ይጠፋሉ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የነፋሱን መጓጎል፣ ማለትም ጋዙ እኩል ሳይበተን በየቦታው መጠራቀሙን፣ አስገባለሁ።

መስመሩ በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነስ? ጥንድ ኮከብ እንዳይሆን እዩ። ቬላ ኤክስ-1 በተባለው ጥንድ ላይ የኒውትሮን ኮከቡ ኤክስሬይ የጓደኛውን ኮከብ ነፋሱን አለልክ አዮናይዝ ያደርገዋል፤ ብርሃን የሚይዙት አዮኖች ስለሚጠፉም ግፊቱ ይዳከማል። እዚያ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነ ሞዴል አይሠራም። የኤክስሬዩን ምንጭ በቦታው አስቀምጡና መስመሩን ወደ 9 ቀን ከሚጠጋው የጥንዱ ዙር ጋር አወዳድሩት።