የጣውላ ወለልዎ ያላዘዙት ቫርኒሽ ሲቀባ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ብሎኬቱና ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲከራከር ይከርማል፤ ስለ ወለሉ ቅብ ግን «ቫርኒሽ ይቀባል» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ አስፍሮ ያልፋል። በኋላ የማያብረቀርቅ ቅብ ያዘዘበት ጣውላ እንደ መስታወት ሲያንጸባርቅ፣ ወይም ነጣ ያለው የዝግባ ወለል ቢጫ ሆኖ ሲጠብቀው ይናደዳል። ተቋራጩ በእርግጥ አጥፍቶ ይሆናል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ እውነት ይዞ ሳለ የሚሸነፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱ በሚሠራቸው ስህተቶች ነው።

በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ

ቢጫ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፖሊዩረቴን የሚባለው ጠንካራ የወለል ቫርኒሽ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዘይት ነክ የሆነው በባሕርዩ ወርቃማ መልክ ይሰጣል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥርም እየደመቀ ይሄዳል። በውሃ የሚቀጥነው ግን የእንጨቱን ቀለም ብዙም አይለውጥም። እንጨት ራሱም ብርሃን ሲያገኝ መልኩ ይቀየራል። አለመድረቁም እንዲሁ አሳሳች ነው። በክረምት በጮቄ ዙሪያ ያሉት የደጋ ከተሞች ብርድና እርጥበት ስለሚበዛባቸው፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ይደርቃል የተባለ የዘይት ቫርኒሽ በማግስቱም ሊያጣብቅ ይችላል።

ስለዚህ ከመጮህ በፊት የተቀባው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። አልጋ ወይም ቁም ሣጥን የሚሸፍነው ጥግ ይምረጡና ንጹሕ አልኮል የነካ ጨርቅ ይሹበት፤ ቅቡ ከለሰለሰ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የቫርኒሽ ዓይነት) መሆኑን ይጠርጥሩ። አልኮል ሳይበግረው በላኬር ቲነር (በላኬር ማቅጠኛ) ከሟሟ ደግሞ ላኬር፣ ማለትም ቶሎ የሚደርቅ የዕቃ ቅብ፣ ሊሆን ይችላል። በደንብ የጠነከረ ፖሊዩረቴን ለሁለቱም ቶሎ እጅ አይሰጥም። ላኬር ለወንበርና ለመደርደሪያ ያምራል፤ ጫማ በሚመላለስበት ወለል ላይ ግን ይሰነጣጠቃል። ለውጭ በር የተሠራ ቫርኒሽም ከፀሐይና ከዝናብ ጋር እንዲለጠጥ ተብሎ ለስለስ ያለ ስለሆነ፣ ወንበር በተጎተተ ቁጥር ይጫራል።

ባዶውን ቆርቆሮ መስጠት

እኛ ዘንድ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አይጣልም። የቀን ሠራተኛው ይወስደዋል፣ ጎረቤት አበባ ይተክልበታል፣ ወይም ውሃ ይቀዳበታል። ያ ቆርቆሮ ግን ዋናው ምስክርዎ ነው። የቅቡ ዓይነት፣ የማብረቁ ደረጃ፣ በምን እንደሚቀጥን፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። በሁሉም ጎኑ ፎቶግራፍ አንሥተው ከነቅሪቱ ያስቀምጡት። የግዢውን ደረሰኝም ይጠይቁ። «ቆርቆሮው ጠፋ» የሚል ተቋራጭ ቢያንስ ከየት እንደገዛው መናገር አያቅተውም።

«ላዩ ላይ አንድ እጅ ልድገምልዎት» ሲባል እሺ ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ነገ አንድ እጅ ደርቤበት ይስተካከላል» ይባላል፤ ሠርግ ወይም በዓል የደረሰበት ባለቤትም እፎይ ይላል። አንዳንዴ ነገሩ እውነት ነው። የቅቡ ዓይነት ትክክል ሆኖ የማብረቁ ደረጃ ብቻ ከተሳሳተ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ብናኙን ጠርጎና ወልውሎ፣ ከዚያው ዓይነት የማያብረቀርቀውን አንድ እጅ መደረብ በቂ ነው። እንዲህ ላለው ጥፋት «ሙሉ ወለሉ ይነቀል» ማለት የባለቤቱ ግፍ ይሆናል።

በሌሎቹ ጥፋቶች ግን መደረብ ችግሩን መቅበር ነው። በዘይት ቅብ ቢጫ የሆነ ወለል በውሃ የሚቀጥነው ቅብ ስለተደረበበት አይነጣም። የወለል ሰም ከተቀባበት ደግሞ ፖሊዩረቴን አይይዝለትም፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ከወራት በኋላ እየተላጠ ይነሣል። ለስላሳ ቅብ ላይ ጠንካራ ሲደረብ የላይኛው ይሰነጠቃል። የእነዚህ መፍትሔ እስከ እንጨቱ ድረስ በማሽን መፋቅ ነው፤ በሻካራው፣ በ40 ወይም በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በደረጃ ወደ 100 ማድረስ።

እዚህ ላይ የጣውላዎን ውፍረት ማወቅ አለብዎት። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የዋንዛ ወይም የጽድ ጣውላ በዕድሜው ብዙ ጊዜ መፋቅን ይችላል። ላዩ ብቻ ስስ እንጨት የተለጠፈበት ወለል ግን ምናልባት አንድ ጊዜ ቢችል ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይችልም። ተቋራጩ ያባከነብዎት ቅብ ብቻ ሳይሆን የወለሉንም ዕድሜ ነው፤ በካሳ ንግግር ጊዜ ይህን ያንሡት።

ክርክሩ ሳያልቅ መኖር መጀመር

ዘይት ነክ ፖሊዩረቴን ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው በ30 ቀን ገደማ ነው። በዚህ መሐል እርጥብ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ የከሰል ምድጃ አስቀምጦ ቡና የሚያፈላ ቤት ራሱ ነጭ ነጠብጣብና የተቃጠለ ክብ ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ የተቋራጩ ጥፋት የትኛው፣ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሽማግሌ አይገኝም። ቢያንስ አንዱን ክፍል ቆልፈው እንዳለ ያቆዩት።

በአፍ ብቻ ተነጋግሮ ሌላ ሠራተኛ ማስገባት

ተቋራጩ የአበልጅ ልጅ ወይም የሠፈር ሰው ስለሚሆን ወረቀት መጻፍ ነውር ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1771 መሠረት ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት፣ ከዚህም ጋር ካሳ መጠየቅ ይችላል። በመርህ ደረጃ ግን አንቀጽ 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 1774 መሠረትም በማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። ሳያስጠነቅቁ ሌላ ባለሙያ ጠርተው ካስፋቁ ማስረጃውም አብሮ ይፋቃል፤ ወጪውን ማስመለስም ይከብዳል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የታዘዘው ምን እንደሆነ፣ የተቀባው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንዲስተካከል እንደሚፈልጉ፣ እስከ መቼ። አንዱን ቅጂ አስፈርመው ያስቀሩ። ሽማግሌ መላክ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ጉዳዩ በዚያ ቢያልቅ ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ የደረሱበት ስምምነት ግን ይጻፍ፣ ይፈረምበት። ቀሪ ክፍያ በእጅዎ ካለ ከጥፋቱ ጋር የሚመጣጠነውን ያቆዩ። ስለ ወለሉ ብሎ የግንበኛውንና የቧንቧ ሠራተኛውን ገንዘብ መያዝ ደግሞ እርስዎን ውል አፍራሽ ያደርግዎታል።

ዳግም ሥራውን ያለ ናሙና ማስጀመር

ፍቂያው ካለቀ በኋላ ብዙ ብርሃን በሚገባበት ክፍል አንድ ካሬ ሜትር ያስቀቡ። ሲደርቅ በቀንም በመብራትም ይዩት። ከወደዱት የቅቡን ስም፣ የማብረቁን ደረጃና ስንት እጅ እንደሚቀባ በወረቀት አስፍረው ሁለታችሁም ፈርሙ። በዘይት ቅብ የራሰውን ጨርቅ ግን ሠራተኞቹ ጠቅልለው ጥግ ላይ እንዳይተዉት ይንገሯቸው፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።