የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ ሲሻግት፦ ለደሴና ለወሎ ደጋ ቤቶች

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ደሴ ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንኳ ቶሎ አይደርቅም። የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚወጣውም ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ጥግ ጥጉን፣ ቀጥሎ ከሻወሩ በላይ፣ ዝም ከተባለ እስከ አምፖሉ ድረስ። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት በቀለም ይሸፍነዋል። ሻጋታ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከአዲሱ ቀለም ሥር ሆኖ ያድጋል፤ ቀለሙም አረፋ ሠርቶ እየተላጠ ይወርዳል። ስለዚህ በረኪና ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ።

ውሃው ከየት ነው?

ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከታች የሚወጣ እንፋሎት፣ ወይ ከላይ የሚሰርግ ውሃ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ አየር ወደ 14 ዲግሪ የቀዘቀዘ ገጽ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ሰው ሙቅ ውሃ ሲታጠብ ደግሞ እርጥበቱ ከዚያም በላይ ይወጣል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ወይም ከቆርቆሮ ሥር ያለ ኮርኒስ ጠዋት ላይ ከ14 ዲግሪ በታች ቢሆን አይገርምም። ጣሪያው የሚያልበው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቅ ስለምትል፣ እዚያ ጣሪያ ሲሻግት ከእንፋሎቱ ይልቅ መጀመሪያ የሚያፈስ ነገር መፈለግ ይሻላል።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ላስቲክ ቁረጡ። የተበከለውን ቦታ በጨርቅ አድርቁና ላስቲኩን አራቱንም ጎን በስኮች አሽጋችሁ ለጥፉት። ሁለት ቀን እንደወትሮው ታጠቡ። ጠብታው ከላስቲኩ በታች፣ በእናንተ በኩል ከተገኘ እንፋሎት ነው። በላስቲኩና በጣሪያው መካከል ከተገኘ ግን ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው። ዳሩ ቡናማ ቀለበት ያለው እድፍም አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስ ነገር ምልክት ነው።

ከላይ ከሆነ የቆርቆሮውን ምስማር እዩ። ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃው በምስማሩ ታክኮ ይገባል። በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ሞልቶ የሚፈስ ሮቶ፣ የላላ የቧንቧ መጋጠሚያም ያው ናቸው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ጎረቤት ለሁለት ቀን ሻወሩን እንዳይጠቀም ለምናችሁ እድፉ ደረቅ ማለቱን ተመልከቱ። (ይህን ጉዳይ በር ላይ ቆሞ ከማንሳት ቡና ጠርቶ ማንሳቱ ይሻላል፤ ጥገናው የሁለታችሁም ወጪ ሊሆን ይችላልና።)

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጥቁር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። የከሰልና የዕጣን ጥላሸት ከማዕድ ቤት እየሄደ ኮርኒስ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጠብታ በረኪና በጥጥ ንኩበት፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ነው፣ እንደጠቆረ ከቀረ ጥላሸት ነው፤ ለጥላሸት ሳሙና ይበቃል።

ማጠብ

የተበከለው ቦታ ከ1 ካሬ ሜትር ካልበለጠ በራስ ይሠራል። ከዚያ ከበለጠ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ በቤቱ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለም እርሱ ከቤት ወጥቶ ሌላ ሰው ይሥራው። የሚያስፈልገው የጎማ ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ ቢቻል ኤን 95 ማስክ፣ ጽኑ መሰላል፣ ሁለት ባልዲ፣ ስፖንጅና አሮጌ ጨርቅ ነው። ጣሪያው ላይ አምፖል ወይም የኤሌክትሪክ ሻወር ካለ ብሬከሩን አጥፉ። የቤት ውስጡን በር ዝጉ፣ የውጩን መስኮት ክፈቱ።

ደረቁን ሻጋታ በመጥረጊያ አትጥረጉት። ዱቄቱ ይበተንና በአየር ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ላርጎ ጨምሩና በስፖንጅ እያረጠባችሁ እጠቡት፤ ስፖንጁንም በሁለተኛው ባልዲ ቶሎ ቶሎ አለቅልቁት። ይህ ሳይደረግ በረኪናው ቢቀባ ኃይሉ በቅባቱና በአቧራው ላይ ያልቅና ሻጋታው ጋ ሳይደርስ ይደክማል። ከዚያም በንጹህ ውሃ አንዴ አልፉበት።

ቀጥሎ በረኪናው። ልኩ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የቡና ሲኒ ነው፤ ይህም ክሎሪኑ 5 በመቶ ገደማ ለሆነ በረኪና ነው። ማብዛቱ ዓይንና ሳንባ ከማቃጠል በቀር ትርፍ የለውም። ሙቅ ውሃ ኃይሉን ያጠፋዋል፤ የተበጠበጠውም ቢያድር ስለሚደክም ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ። በመርጫ ወደ ላይ አትርጩ፤ ተመልሶ ፊት ላይ ይወርዳል። በስፖንጅ ቀቡና ለ15 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ አቆዩት፤ ከደረቀ ድገሙት። በመጨረሻ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። መታጠቢያ ቤት ጠባብ ነው፣ ጋዙ መውጫ አያገኝም። በዚያ ቀን ሽንት ቤቱን በሌላ ማጽጃ የሚያጥብ ሰው እንዳይኖር ንገሩ። የበረኪና ሽታ የማይስማማው ሰው ፋርማሲ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሳይበርዝ ቀብቶ 10 ደቂቃ ማቆየት ይችላል።

ይህ ሁሉ ለተለሰነ ሶሌታ ነው። ችፑድና ጂፕሰም ሌላ ጉዳይ ናቸው። ክሎሪኑ ላያቸው ላይ ይቀርና ውሃው ብቻ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ውስጥ የቀሩት የሻጋታው ክሮች ያንኑ ውሃ ጠጥተው ይመለሳሉ። በጥፍር ስትጫኑት የሚሰረጉድ ወይም ያበጠ ችፑድ አይድንም። ከእድፉ ዳር ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ቁረጡት፣ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ አውጡት፣ እንጨቱንም አድርቃችሁ አዲስ ግጠሙ። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ የተወጠረበት ኮርኒስ ከሆነ አውልቆ መቀየር ነው፤ ማጠብ ድካም ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ጣሪያው ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። በርና መስኮት ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሶሌታ ለመድረቅ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ቀለም

ወሎ ውስጥ ከክረምቱ በተጨማሪ የበልግ ዝናብም ስላለ ለቀለም የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ደጋው ላይ ጠዋትና ማታ ስለሚበርድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሩ፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም።

የተላጠውን በስፓቱላ አንሱ፣ የተቦረቦረውን በስቱኮ ድፈኑ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት ዙር ቀለም። ለመታጠቢያ ቤት የሚታጠብና ትንሽ የሚያብለጨልጭ ቀለም ምረጡ፤ የቀለሙ ጣሳ ላይ ፀረ ሻጋታ የሚል ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ። ኖራ ራሱ ሻጋታን ይቋቋማል፣ ርካሽም ነው፤ ግን ሲነኩት ይለቃል። በኖራ ወይም አንድ ወር ባልሞላው የሲሚንቶ ልስን ላይ ዘይት ቀለም አትቀቡ፤ ኖራው ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይቀይረውና ቀለሙ እየተጣበቀ ይላጣል።

እንዳይመለስ

ክረምት ላይ ብርዱን ፈርቶ የመታጠቢያ ቤቱን ትንሽ መስኮት መድፈን በደጋው የተለመደ ነው፤ ሻጋታውን የሚጋብዘውም እርሱ ነው። ታጥባችሁ ስትወጡ የቤት ውስጡን በር ዝጉና መስኮቱን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ክፈቱ። በሩን ከፍታችሁ መስኮቱን ብትዘጉ እንፋሎቱ ወደ መኝታ ቤት ሄዶ ቁም ሣጥን ያሻግታል። ከበሩ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ አየር መግቢያ ካላገኘ አይወጣም። ሴራሚኩን በጎማ መጥረጊያ፣ ጣሪያውን በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ደረቅ ጨርቅ ማበስ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ጥቅሙም ብዙ ነው። ያልደረቀ ልብስ እዚያ አትስጡ።

መስኮት ከሌለ የ100 ሚሊ ሜትር አየር ማስወጫ ፋን ለተራ መታጠቢያ ቤት ይበቃል። ቱቦው ግን ግድግዳውን አልፎ ውጭ ይውጣ። እንፋሎቱን ኮርኒሱና ቆርቆሮው መካከል የሚለቅ ፋን ቆርቆሮው ላይ ውሃ ያጠራቅማል፤ ውሃውም ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ቱቦው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። መብራት ሲጠፋ ፋኑም ስለሚቆም መስኮት ያለው ሰው መስኮቱን አይተው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሻጋታው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ከተመለሰ እንደገና ለማጠብ አትቸኩሉ። ከዝናብ በኋላ ኮርኒሱን አንድ ቦታ ከፍታችሁ በባትሪ ወደ ላይ ተመልከቱ፤ እርጥብ ምስማር ወይም የረጠበ እንጨት ካያችሁ የሚጠራው ቆርቆሮ ሠሪ ነው።