ከወላጆቹ ሠርግ በፊት የተጠመቀው ልጅ

ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው፤ የእናቱ ወገኖች ከሰፎክ ገጠር ናቸው። አማቴ የዘር ሐረጋቸውን ለልጆቼ ለማቆየት ሲለፉ ከርመው አንድ ቦታ ላይ ግራ ገባቸው። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ከዘር ሐረጉ የሆኑ አንድ ባልና ሚስት የተጋቡት በኤፕሪል 1720 ነው። የበኩር ልጃቸው ደግሞ በፌብሩዋሪ 1720 ተጠምቋል ይላል። አማቴ «ሌሎች ሰዎች ይሆናሉ» ብለው ሊሰርዟቸው ነበር፤ እኔን ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ።

የመዝገቡን ፎቶ ከፍቼ ገጾቹን በተራ አየኋቸው። ከዲሴምበር 1720 በኋላ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ይመጣሉ፣ ዓመቱ ግን አሁንም 1720 ነው፤ 1721 የሚለው ማርች 25 ላይ ሲደርስ ብቻ ይጀምራል። ለካ በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ሕጋዊው ዓመት የሚለወጠው በዚያ ቀን ኖሯል! ጃንዋሪ 1 የዓመት መጀመሪያ የሆነው ከ1752 ወዲህ ነው። በመስከረም ዓመት ስንለውጥ ላደግን ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የልጁ ጥምቀት በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1721 ነው፣ ከሠርጉ አሥር ወር በኋላ ማለት ነው።

እናንተም ከ1752 በፊት ያለ የእንግሊዝ መዝገብ ካጋጠማችሁ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለውን ቀን፣ ለምሳሌ 1720/21 ብላችሁ፣ በሁለቱም ዓመት ጻፉት። ዓመቱን ብቻ ካረማችሁ፣ በኋላ የሚያይ ሰው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ይለዋል።

አማቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና የልጁን ስም በእርሳስ ሳይሆን በብዕር ጻፉት።