መብራት ሲመጣ የኔትወርክ ስዊቹን አትንኩት፤ መጀመሪያ መብራቶቹን እዩ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። ሒሳብ ክፍል ይደውላል፣ ሁለተኛ ፎቅ ይደውላል፤ ሁሉም «ኔትወርክ የለም» ነው የሚሉት። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ስዊቹ፣ ማለትም የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን፣ ገና እየተነሳ ነው። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ጎበዝ ራኩን (ስዊቹ የተቀመጠበትን ሳጥን) ከፍቶ ኬብል መንቀልና መሰካት ሲጀምር ነው።

የማወራው ስለ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ነው። አርጅቷል፣ ግን በየቢሮው ራክ ውስጥ ዛሬም እየሠራ አለ። በሌላ ሞዴል ላይ የመብራቶቹ ቀለሞች ሌላ ትርጉም ሊኖራቸው ስለሚችል የራሱን መመሪያ እዩ።

ከፊት ለፊቱ በግራ በኩል ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። ከሁሉም በላይ ያለችው «ሲስት» ትባላለች። ሌላውን ተዉትና መጀመሪያ እሷን እዩ። ጭራሽ ካልበራች ኃይል አልደረሰውም፤ ዩፒኤሱንና ከኋላ የተሰካውን ገመድ ፈትሹ። በአረንጓዴ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ስዊቹ ራሱን እየፈተነ ነው። ይሄ ፈተና «ፖስት» ይባላል። ሲፒዩውን፣ ሜሞሪውንና ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበትን ፍላሽ ያያል፣ ቀጥሎ አይኦኤስ የሚባለውን ሶፍትዌር ከፍላሹ ላይ ያነሳል። ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚህ መሃል አጥፍቶ ማብራት ከሀ መጀመር ነው።

ብልጭታው ቆሞ አረንጓዴው ከረጋ አለቀ፣ አልፏል። ብርቱካናማ ሆና ከቀረች ወድቋል። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱም ያው ብልጭ ድርግም። ያኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍላሹ ላይ ያለውን ሶፍትዌር ነው። መብራት ደጋግሞ ሲቆራረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ለማረጋገጥ ከላፕቶፕ ወደ ስዊቹ በቀጥታ የሚያስገባውን ሰማያዊ የኮንሶል ኬብል ሰክታችሁ በ9600 ፍጥነት ግቡ። «ስዊች» የሚል ቃልና ሁለት ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ከጠበቃችሁ፣ አይኦኤሱን ማንሳት አቅቶት ቡት ሎደሩ (አይኦኤሱን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ማታ ማታ ይህን ሁሉ የሚያይልኝ የጥበቃው ጋሼ ነው። በስልክ፣ «ጋሼ፣ ከላይ ያለችውን ይዩልኝ፤ ትጠቅሳለች ወይስ ቀጥ ብላለች?» እላለሁ። «ቀጥ ብላለች፣ አረንጓዴ ናት ልጄ» ካሉኝ ተመልሼ እተኛለሁ። ስለ ቀለም ብቻ አትጠይቁ። መጥቀሷና አለመጥቀሷ እኩል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ፖርቶቹ፣ ኬብል ወደሚሰካባቸው ቀዳዳዎች። ሲስት ከረጋች በኋላም ፖርቶቹ ብርቱካናማ ሆነው ይቆዩና ሰው ይደነግጣል። ላፕቶፕ ሰክታችሁ እዩት፤ ኬብሉ ቀጭ ሲል ብርቱካናማ ይበራል፣ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው አሠራር መስመሩ ዞሮ ራሱ ላይ እንዳይገጥም እያጣራ ነው፤ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ደግሞ ይማራል። «ፖርትፋስት» የተደረገ ፖርት ይህን ሁሉ አይጠብቅም። እኔ ለሠራተኛ ኮምፒውተር ሁሉ አደርገዋለሁ፣ ከሌላ ስዊች ጋር ለሚገናኝ ፖርት ግን በፍጹም።

ደቂቃዎች አልፈው ያው ብርቱካናማ ከሆነስ? ያኔ ኬብሉን ተከትላችሁ ወደ ጠረጴዛው ሂዱ። ከጠረጴዛ ስር ርካሽ ባለ 5 ፖርት ስዊች ታገኛላችሁ፤ አንዱ ደግሞ «ተንጠልጥሎ ቀረ» ብሎ የአንድን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ላይ ሰክቶታል። 2960ው የላከው መልእክት ወደ ራሱ ሲመለስበት ፖርቱን ይዘጋል። ኬብሉን ንቀሉት። ያም ሆኖ ካልተመለሰ ኮንሶሉ ላይ «ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ» ብላችሁ እዩ። «ኤረር ዲሴብልድ» (በስህተት ምክንያት የተዘጋ) የሚል ካለ ምክንያቱን ካስወገዳችሁ በኋላ ፖርቱን «ሻትዳውን»፣ ከዚያ «ኖ ሻትዳውን» በሉት።

አረንጓዴና ብርቱካናማ እየተፈራረቁ ከበሩ መስመሩ ላይ ስህተት በዝቷል። እኔ ኬብሉን ነው መጀመሪያ የምቀይረው።

ከመብራቶቹ ስር ያለው ቁልፍ «ሞድ» ነው። አንዴ ነካ ባደረጋችሁት ቁጥር የፖርት መብራቶቹ ትርጉም ይቀየራል። «ስፒድ» ላይ ስታደርጉት የጠፋው 10 ሜጋቢት፣ የረጋው አረንጓዴ 100፣ የሚጠቅሰው 1000 ነው። ጊጋቢት መሆን የነበረበት ፖርት አረንጓዴው ረግቶ ካያችሁት ጃኩን ተጠራጠሩ። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ ለ100 ሁለቱ ይበቃሉ። ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንዱ ከላላ ኔትወርኩ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ይንቀራፈፋል።

ፖኢ ያለው፣ ማለትም በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ስዊች ከሆነ፣ በ«ፖኢ» ሞድ ላይ አረንጓዴና ብርቱካናማ የሚፈራረቅ ፖርት የኃይል ኮታው አልቆ ተከልክሏል። ባለ 48 ፖርቱ 2960-48ፒኤስቲ ያለው 370 ዋት ነው። ለያንዳንዱ ሙሉ 15.4 ዋት ከሰጣችሁ የሚበቃው ለ24 ፖርት ብቻ ነው። ካሜራና የጠረጴዛ ስልክ እየጨመሩ የሄዱ ቢሮዎች ይህን የሚያውቁት መብራት ሲመጣ ሁሉም አንዴ ሲነሳ ነው።

ሞድን ነክቶ መልቀቅ እንጂ ተጭኖ መያዝ አይገባም። 3 ሰከንድ ገደማ ስትይዙት መብራቶቹ መጥቀስ ይጀምራሉ፤ እስከ 10 ሰከንድ ከቀጠላችሁ ኮንፊገሬሽኑ (ያስገባችሁለት ቅንብር ሁሉ) ተሰርዞ ስዊቹ እንደ አዲስ ይነሳል። ኔትወርኩን የሚከፋፍለው ቪላንም፣ የይለፍ ቃሉም ይሄዳል። ራኩ የማይቆለፍ ከሆነ «ኖ ሴትአፕ ኤክስፕረስ» የሚለውን ትዕዛዝ አስገቡ፣ የሞድ ቁልፉ ያን ማድረግ ያቆማል።

ሲስት ብርቱካናማ ሆና፣ ኮንሶሉ ግን ከከፈተላችሁ «ሾው ፖስት» ብላችሁ የትኛው ፈተና እንደወደቀ አንብቡ። ውጤቱን ፎቶ አንሡት፤ የሸጠላችሁ ሰው ዋስትናው ካላለቀ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።